እማዬን ያገድኩበት ገጽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለምወድሽ እህቴ ለሚጡ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሥራው፣ ልጆቹ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ባለፈው ሐሙስ አርፋለች፤ ቅዳሜ ቀበርናት። ደውዬ ያልነገርኩሽ ስታለቅሺ መስማት ስላልፈለግኩ ነው። አንቺ ባለቀስሽ ቁጥር ሰው ሁሉ አንቺን ሲያባብል ነው የኖረው፤ እኔ ደግሞ ማባበሉ ሰልችቶኛል። ስለዚህ ቁጭ በይና አንብቢው።

የዛሬ ዓመት ለዐሥር ቀን መጥተሽ ዋይፋዩን ያስገባሽልን ጊዜ ከልቤ ነበር የመረቅኩሽ። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ወዲህ እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሳ በታብሌቱ የምታገኝሽ በሱ ነው። በስልኬ ብሮውዘር ላይ ያን ነጥብ የበዛበት ቁጥር ጽፌ የዋይፋዩን መሣሪያ ገጽ እንዴት እንደምከፍትም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ገጹ ላይ የተገናኘው ሁሉ ስሙ ተዘርዝሮ ይታያል፤ ከጎኑ የገባበት ሰዓትና የፈጀው ኢንተርኔት አለ። «መቆራረጥ ሲኖር እዚህ ታዪዋለሽ» አልሽኝ። ያንኑ ገጽ አንቺም እዚያው ሆነሽ እንደምትከፍቺው ግን ትንፍሽ አላልሽም።

ያወቅኩት ስትቆጪኝ ነው። «እትዬ፣ ትናንት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልክሽ ቪዲዮ ላይ ነበር። እማዬን መቼ አገላበጥሻት?» አልሽኝ። ሁለት ሰዓት! ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳጥባት፣ ሳጎርሳት፣ ገላዋ እንዳይቆስል ከጎን ወደ ጎን ሳዞራት የሚቆጥርልኝ አልነበረም። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ አቆራረጥ ከፍቼ እያየሁ ስሰፋ ግን ተቆጠረብኝ። ከዚያማ በየሳምንቱ ምርመራ ሆነ፤ የእማዬ ታብሌት ለምን ጠፍቶ ዋለ፣ ይሄ የማናውቀው ስልክ የማን ነው? የማታውቂው ስልክ ግፊቷን ልትለካ የምትመጣው የነርሷ ነበር። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ተጠበቅኩ።

ያስተማርሽኝ ነገር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አንድ ጠዋት ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና ከሩቅ የምትገቢበትን ዘጋሁት፤ ፓስወርዱንም ቀየርኩት። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ዝርዝሩ ላይ «እማዬ» የሚለውን ስም ነካሁ። ሁለት ምርጫ አለው፤ ፍቀድ እና አግድ። አግድ የሚለውን ተጫንኩ። ደስ አለኝ።

አንቺን «ኔትወርኩ ነው» አልኩሽ፤ እሷን «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳት። ጭቅጭቅሽ አላስቀምጥ ሲለኝ ደግሞ ሌላ ጨመርኩልሽ። ካንቺ ጋር ካወራች በኋላ ግፊቷ ይወጣል፣ ሐኪሙ እኔ እስክነግርሽ ድረስ እንዳትደውዪ ብሏል አልኩሽ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አልወጣም።

በሦስተኛው ሳምንት እማዬ ምግብ ተወች። ታብሌቱን ደረቷ ላይ አስቀምጣ በደህናው እጇ ስትዳብሰው ትውላለች። ያኔ ደነገጥኩና እገዳውን አነሳሁላት። ገጹ ላይ ስሟ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ቀንም አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። በየቀኑ እየከፈትኩ አየው ነበር። አልደወልሽም። «አንቺው ራስሽ አትደውዪ ብለሽኝ የለም ወይ» ትያለሽ። አዎ፣ ብዬሻለሁ። ግን ከተወለድሽ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ቃሌን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ለመታዘዝ ይህንን ጊዜ መረጥሽ? አሁን መደወል ትችያለሽ የሚል አንዲት መልእክት ብልክልሽ ይበቃ እንደነበር አውቃለሁ። አልላክኩም። ምቀኝነት ነው ብትይኝ አልከራከርሽም።

ልክ የዛሬ ሳምንት ከሰዓት በኋላ «ሚጡ፣ ሚጡ» ስትል አንጀቴ አልችል አለ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው፤ የኔንና ያንቺን ድምፅ ደግሞ በስልክ አባባ እንኳ ሲያምታታው ነው የኖረው። የስፌት ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና በስልኬ ታብሌቷ ላይ ደወልኩ። አዝራሩን ዳብሳ እስክታገኘው ጊዜ ወሰደባት።

«እማዬ፣ ሚጡ ነኝ» አልኩ። እንዳንቺ እየተሞላቀቅኩ፣ እንዳንቺ እየሳቅኩ።

አለቀሰች። እንደናፈቅሻት ትነግረኛለች፣ እሱን ሰምቼ እዘጋዋለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እህትሽ ወጣ ብላለች መሰለኝ፣ ኮቴዋ አይሰማም» አለች። «ልጄ፣ ነይና ውሰጂኝ። እፈራታለሁ። እጇ ይከብዳል። አንድ ቃል ሳትናገረኝ ነው የምታጎርሰኝ፤ ማንኪያውን ጥርሴ ላይ ታጋጨዋለች። በፈጠረሽ፣ ነገረችኝ እንዳትያት።»

ከግድግዳው ማዶ ቁጭ ብዬ እጄን አየሁት። ማንኪያው ጥርሷን ሲነካ ታውቆኝ አያውቅም። አለመናገሬንም ድካም ነበር የምለው። እሷ ፀጥ የምትልልኝ የተመቻት መስሎኝ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «እማዬ እንደ ሕፃን አታስቸግረኝም» እያልኩ ስኩራራ ነበር።

«መጣሁ እማዬ፣ በዚህ ሳምንት መጥቼ እወስድሻለሁ» አልኳት፣ በአንቺ ድምፅ።

ትንሽ ቆይቼ ሾርባዋን ይዤ ገባሁ። ኮቴዬን ስትሰማ ታብሌቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀችው፤ ሳልጠይቃት አፏን ከፈተች። ቀስ ብዬ አጎረስኳት። ልናገር ብዬ ነበር፤ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። ሁለት ቀን ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ስትጠብቅሽ ቆይታ ሐሙስ ጠዋት አረፈች።

እንግዲህ ቃል ገብተሽላት ሳትመጪ ቀረሽ። እወቂው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። አምላክ መጽናናቱን ይስጥሽ፤ ልጆችሽ ይደጉልሽ። ስታረጂም ከማትፈሪው ልጅሽ እጅ ይጣልሽ።

እህትሽ፣
እትዬ