ሁለት ሳህን ሩዝ በሻይ

ውድ ሚሳኦ፣

ከኪዮቶ ተመለስን። አኪታ የገባነው ትናንት ማታ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጣለ። እንደ ልማዴ ትኩስ ሩዝሽን ከመሠዊያችን ፊት አስቀምጬ የአሚዳ ቡድሃን ስም ጠራሁና ቀና ስል፣ ትንሿ ማሰሮ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። ያኔ ብዕር አነሳሁ። ትምህርቴ ብዙ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ግድፈት ብታገኚ እንደ ድሮሽ በቀይ አታርሚብኝ።

ይህን ያህል ለምን ዘገየሁ እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። አስከሬንሽ በተቃጠለ ቀን አጥንትሽን ስንለቅም፣ ያቺን የተቀመጠ ቡድሃ የምትመስለውን የጉሮሮ አጥንት ለብቻዋ ለይተን በትንሽ ማሰሮ አኖርናት። ሌላው እዚህ ከአባቶቼ መቃብር ገባ። «እሷን ግን ኪዮቶ፣ እናቴ ካረፈችበት መቅደስ አድርስልኝ» ብለሽኝ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬሽ ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት ማንን ላናግር? በረዶው ጣራውን ሲያስጮኸው «ሰማሽ?» የምለው ማንን ነው? ሁለት የበረዶ ወቅቶች እንዲሁ አለፉ። እውነቱን ልንገርሽና፣ የአሚዳን ስም ስጠራ እንኳ ልቤ የሚጠራው ያንቺን ስም ነበር። ይህ ጸሎት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ልጃችን ሳቶኤ አልነዘነዘችኝም። አንድ ቀን ብቻ ደወለችና «አባዬ፣ የአንድ ቀን የኪዮቶ ጉብኝት ይዣለሁ፤ ለአንተ፣ ለእኔና ለልጅ ልጅህ ለቺሆ» አለችኝ።

«ደግሞ አስጎብኚ ለምን? እናትሽ ከተማውን አሳይታኛለች እኮ።»

«ለብቻችን ከሄድንማ መቅደሱ ገብተህ አትወጣም። አስጎብኚዋ ባንዲራዋን ይዛ ታስወጣሃለች!»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። መቅደስሽ አውቶቡሱ ለዕረፍት ከሚቆምበት ዳገት ሥር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አስጎብኚያችን ወይዘሮ ኖሃራ የሚባሉ፣ ድምፃቸው ያንቺን እናት የሚመስል ሴት ናቸው። ማሰሮሽን በሐምራዊው መጠቅለያሽ አድርጌ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። መጡና «ዕቃዎን ከላይ ላስቀምጥልዎ?» አሉኝ።

«አይ፣ እሷ መስኮት ትወዳለች» አልኩ፣ ሳላስበው።

መጠቅለያውን አዩ፤ እኔን አዩ። «እሺ» ብለው አለፉ። ከዚያ በኋላ ግን «በመስኮት በኩል ያላችሁ እንግዶቼ፣ አሁን ወንዙን ተመልከቱ» ባሉ ቁጥር ወደ እኛ ትንሽ ጎንበስ ይሉ ነበር። ያገርሽ ሰው እንዲህ ነው፤ ያየውን እንዳላየ ሆኖ ደግ ይሆናል። እኔ የበረዶ አገር ሰው ይህንን ለመልመድ ዕድሜዬን ፈጀሁ።

ወርቃማው መቅደስ ደረስን። ያን ሁሉ ዘመን «የኪዮቶ ልጅ እዚያ አይሄድም፤ የጎብኚ ቦታ ነው» እያልሽ አንድም ቀን አልረገጥሽውም። ኩሬው ዳር ቆሜ መጠቅለያሽን ወደ ወርቁ አዞርኩልሽ። «ይኸው፣ አንቺም ጎብኚ ሆንሽ» አልኩሽ በሹክሹክታ።

ቺሆ ጆሮዋ እንደ ድመት ነው። «አያቴ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከአንዲት ኩሩ የኪዮቶ ሴት ጋር።»

«ምን አለችህ?»

«ፀጉርህን ሳታበጥር ነው የመጣኸው አለችኝ።»

ከምሳ በኋላ ሰዉ ሁሉ ማንጎላጀት ሲጀምር ወይዘሮ ኖሃራ ማይክራፎኑን አነሱ። «እንግዶቼ፣ ኪዮቶ ውስጥ ሰው ቤት ተጋብዛችሁ ባለቤቲቱ ‹ሩዝ በሻይ ላቅርብልዎ?› ካለቻችሁ ምን ትላላችሁ?»

እጄን አወጣሁ። «ሁለት ሳህን!»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። «ወይ ጉድ!» አሉ ወይዘሮ ኖሃራ። «ክቡር ሆይ፣ እሱ እኮ ‹አሁንስ አይሄዱም?› ማለት ነው! መልሱ ‹ኧረ አይቸገሩ፣ መሽቷል ልሂድ› ነው። እሺ የሚል ሰው ካያችሁ፣ ገና ከባቡር መውረዱ ነው!»

ከኋላ አንድ የኦሳካ ሰው «ወንድሜ፣ እኔም ብሆን እበላ ነበር!» ብሎ ጮኸ። ሳቶኤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ አንቺ በየአዲሱ ዓመት ታወሪው ስለነበር ታሪኩን በቃሏ ታውቀዋለች። ቺሆ ግን ያኔ ሕፃን ስለነበረች አታስታውሰውምና ነገርኳት።

ያኔ የሰፈራችሁን መቅደስ ግድግዳ ልለስን የመጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ። አንድ ቀን ጃንጥላ ልመልስ ብዬ ቤታችሁ ገባሁና አልወጣ አልኩ። እናትሽ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው «ሩዝ በሻይ ላቅርብልዎ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ደስ ይለኛል» አልኳቸው። ሴትዮዋ ደርቀው ቀሩ። ቤት ውስጥ የቀረ ሩዝ እንጂ ማባያ የሚሆን የለም፤ በጓሮ በር ወጥተው ከጎረቤት በጨው የከረመ አትክልት ተበደሩ። እኔ ጥርግ አድርጌ በላሁና «ይደገማል?» አልኩ። አንቺ ከወረቀቱ በር ጀርባ ሳቅሽን ስታፍኚ ጣትሽ ወረቀቱን ቀዶ ወጣ። በማግስቱ ሙጫና ወረቀት ይዤ ልጠግን መጣሁ። ያቺ የጣትሽ ቀዳዳ ባትኖር በምን ሰበብ እመጣ ነበር?

ያልነገርኳት የሆስፒታሉን ነው። የጠያቂ ሰዓት ሲያልቅ፣ ቤት ሄጄ እንዳርፍልሽ ብለሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ «ሩዝ በሻይ ላቅርብልህ?» ትይኝ ነበር። እኔም «ሁለት ሳህን» ብዬ ወንበሬን አስጠጋ ነበር። ነርሷ ምግብ ያማረን መስሏት ታዝን ነበር። በመጨረሻው ምሽት ድምፅሽ አልወጣም፤ ከንፈርሽ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳልሽ አውቄያለሁ። «ሁለት ሳህን» አልኩሽ። አልሄድኩም።

አውቶቡሱ ለዕረፍት ሲቆም እናትሽ ካረፉበት መቅደስ ገባን። ወጣት መነኩሴ ጸሎቱን አደረሰልን። ዜማው ሲያልቅ ማሰሮሽን ሊቀበለኝ ሁለት እጁን ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ፤ ጣቶቼ ግን አልለቅ አሉ። መነኩሴው እጁን አላጠፈም፣ አላጣደፈኝም። ሳቶኤ ሰዓቷን አየት አድርጋ አቀረቀረች። አውቶቡሱ ሊሄድ ነው። ይሂድ፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ፣ ወይም ይዣት እመለሳለሁ አልኩ በሆዴ። ስድሳ ዓመት የጸለይኩት ሰውዬ፣ «እንደ አሚዳ ፈቃድ» የምለው ሰውዬ፣ አንዲት ማሰሮ መልቀቅ አቃተኝ።

ያኔ ቺሆ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ። የወይዘሮ ኖሃራን ድምፅ አስመስላ፣ ቀስ ብላ፣ «ክቡር ሆይ፣ ሩዝ በሻይ ላቅርብልዎ?» አለችኝ።

ሚሳኦ፣ ልጅቷ ቀልዷን ነው። የሆስፒታሉን አታውቅም። እኔ ግን ማን እንደተናገረኝ አላጣሁትም። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም። ወደ ሐምራዊው መጠቅለያ ጎንበስ አልኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛውን መልስ ሰጠሁሽ፦

«ኧረ አትቸገሪ። መሽቷል፣ ልሂድ።»

ጣቶቼ ተላቀቁ። መነኩሴው ማሰሮሽን አወጣና መጠቅለያሽን አጥፎ መለሰልኝ።

አውቶቡሱ ጠብቆን ነበር። ወይዘሮ ኖሃራ ሰው ሲቆጥሩ እኔ ዘንድ ደርሰው ቆሙ፤ የታጠፈውን ጨርቅ አዩ።

«ሁሉም ተመልሷል?» አሉኝ ዝግ ብለው።

«አንዷ ቤቷ ወረደች» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ።

በረዶው አላቆመም። መጠቅለያሽ መሠዊያው ላይ ነው፤ ሩዝሽንም እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት አቀርባለሁ። ዘግይቼም ቢሆን ሥርዓት ተምሬያለሁ፤ ለእናትሽ ንገሪልኝ። ግን ጥሪው ደርሶኝ ወደዚያ ወደ አሚዳ ንጹሕ ምድር ስመጣ፣ በር ላይ ቆመሽ «ሩዝ በሻይ ላቅርብልህ?» ብትይኝ እንደገና ባለጌ እሆናለሁ። ማባያውን ካሁኑ ከጎረቤት ተበደሪ። እበላለሁ፣ ይደገማልም እላለሁ፣ አልሄድምም።

ሥርዓት ያስተማርሽው ለሳኝ፣
ባልሽ ዮሺሃሩ