ወርቃማዎቹ አካፋዎች

ውድ ዶሪን፣

ለአዲሱ ፋብሪካችን ያሰብነውን የኢንዲያና መሬት አየሁት፤ በቆሎ ቆሞበታል። ገበሬው ቨርሊን ጎተራው ውስጥ ወርቃማ ቀለም የተቀቡ አካፋዎች አሳየኝ። ከእኛ በፊት ፋብሪካ እንሠራለን ያሉ ሰዎች ለግንባታው ማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ከአገረ ገዥው ጋር አፈር ዛቁባቸው፣ ፎቶ ተነሡና በዚያው ቀሩ። "ለእበት መዛቂያ ግን አንደኛ ናቸው" አለኝ።

አልፈረድኩባቸውም። ግንባታው ዓመታት ይፈጃል፤ ከውጭ በሚገባው ብረት ላይ የሚጣለው ቀረጥ ግን ምሳ በልቼ እስክነሣ ይቀየራል። የቶሌዶው ፋብሪካችን ጣሪያው ቢያፈስም ቢያንስ ቆሟል።

ቨርሊን ሲሸኘኝ "እኔ የምልህ፣ ለከርሞ ዘር ልግዛ ወይስ ትገነባላችሁ?" አለኝ። መኪናዬን አስነሣሁና "ግዛ" አልኩት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን ዌንደልን ሰላም በይልኝ፤ ከቢሮ ስትወጪ እናቴንም ብቅ ብለሽ እያት። ደግሞ ያን ጣሪያ የሚጠግነውን ሰውዬ ጥሪልኝ።

ክላይድ