የማይሞላው ጉድጓድ

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት

አንሶላ አጥቤ አስጥቼ፣ እጄ ሳይደርቅ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ። ክፍሎቹ ሁሉ ተያዙ! ከጂንካ የሚመጡ ሠልጣኞች፣ ቅዳሜ ገብተው ሳምንቱን ሙሉ። ጌታ ይመስገን! የኦሞራቴ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ እኔ እዘምራለሁ።

ማርታ ውሃ አመጣችልኝ። ከፔንሲዮኔ ሥር፣ ወንዙ ዳር አሸዋውን ጭራ የምትቀዳው፣ ጥርት ያለ። ማርታ የአገሩ ተወላጅ፣ ዳሰነች ናት። ዓሣም ውሃም የምታመጣልኝ እሷ ናት። ቋንቋዬን ላስተምርሽ ብላ ስድቡንና የሽንት ቤቱን ቃል አስተማረችኝ፤ እኔ ስናገረው በሳቅ መሬት ትወድቃለች። ቧንቧው እንደሆነ ከጠፋ ሰነበተ። ደግሞ ሻይ በአሸዋው ውሃ ሲፈላ ጣዕሙ ሌላ ነው። እንግዳ ሁሉ ይመሰክራል።

ከሰዓት

የወረዳው ጤና ጽ/ቤት ሳኒተሪያን፣ የንጽሕና ተቆጣጣሪው፣ መጣ። ዮናስ ይባላል፣ ልጄ የሚሆን። ወንዝ ዳር ያሉትን አሮጌ ሽንት ቤቶች እየዞረ ያያል። ደስ ብሎኝ አስገባሁት፣ ለስላሳ ከፈትኩለት። ጉድጓዱ መቼ ተመጠጠ ሲለኝ ሳቅሁ። የኔ ጉድጓድ? ተመጥጦ አያውቅም! ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ካስቆፈረው ጀምሮ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም። የሌላው ሰው ሲሞላ መምጠጫ መኪና ከሩቅ አገር ይለመናል፤ የኔ የተባረከ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ይቀናበታል አልኩት። አወራሁ፣ አወራሁ።  ክዳኑን አስነሥቶ ወደ ውስጥ አየ። ቀና ብሎ ደግሞ ወንዙን አየ።

«ታዲያ ማዘር፣ የት ይሄዳል?»

ይሄን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዮናስ አረንጓዴ ማቅለሚያ ይዞ መጣ። ሽንት ቤቶቹ ውስጥ ጨመረ፣ በባልዲ በባልዲ ውሃ አስደፋኝ። ቀለሙ ራሱ አይጎዳም አለ፤ ችግሩ አብሮት የሚመጣው ነው። ሴቶቹ የሚቀዱበት አሸዋ ላይ ብቅ ካለ ሽንት ቤቶቹ ይታሸጋሉ፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ እስካሠራ ቤቱም ይዘጋል። ብቅ ካላለ ይፈርምልኛል። ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል። እስከዚያ ሴቶቹ ከታች እንዳይቀዱ ንገሪያቸው አለኝ። እሺ አልኩ።

አልነገርኩም። ምን ብዬ? በባዶ ሜዳ ሰው ላስደንግጥ?

የባለቤቴ ወንድም ጋሽ ደሳለኝ መጣ፣ ነገርኩት። ምን ያስጨንቅሻል፣ ብቅ ካለ አንድ አካፋ አሸዋ ይሸፍነዋል አለ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ማለዳ

ወረድኩ። ጥርት ያለ! በእፍኜ ቀዳሁ። አፌ ድረስ አድርሼ ደፋሁት።

ለምን ደፋሁት?

ሐሙስ፣ ጥር 21

ዛሬም ጥርት ያለ። ሃሌ ሉያ! ብዬ ነበር እኮ፣ የተባረከ ነው። ሻይ አስፈልቼ ደጋግሜ ጠጣሁ። ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ለዮናስ ቅዳሜ ዶሮ አርድለታለሁ፣ ልጁ ከስቷል። አጎበሮቹን ሰቀልኩ። ቤቴ ሙሽራ መሰለች።

ዓርብ፣ ጥር 22። ጠዋት



ማርታ እየሳቀች መጣች። ነጭ ሳፋ አምጪ አለችኝ፣ አመጣሁ። ከጀሪካኑ ገለበጠችው። አረንጓዴ። ገና የበቀለ ሣር።

«አበበች፣ ውሃ እንዲህ ሆነ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ጨመረ?»

አንሶላዎቹን አየሁ፣ አጎበሮቹን አየሁ። ይቺ የማታርፍ ምላሴ፣ አዎ አለች። መድኃኒት ነው አልኳት። እልል ብላ ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። ልጇ ሆዱን ካመመው ቆይቷል፣ እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም።  ሙቀቱ ነው ብያት ነበር።

ሳፋውን ደፋሁ። እኔም ስጠጣው የኖርኩት ይሄንኑ ነው። ትናንት ጣዕሙን አመሰገንኩ።

ጋሽ ደሳለኝ ደወለ። አካፋ አለሽ ወይ አለኝ። ዘጋሁበት።

ከቀኑ 10 ሰዓት

ዮናስ ስልኩ አይሠራም። ካንጋተን ሄዷል፣ ነገ ነው የሚመጣው አሉኝ። ነገ ደግሞ ሠልጣኞቹም ይገባሉ። አካፋው በሩ ላይ ተደግፏል፤ እኔ አላመጣሁትም፣ ማን እንዳስቀመጠው አውቃለሁ። አንድ አካፋ። ከዚያ ዶሮ፣ ፊርማ፣ እንግዳ። ማን ያውቃል?

ከታች ድምፅ እሰማለሁ። የማታ ውሃ መቅጃ ሰዓት ነው፣ ግን ዛሬ በዛ። በመስኮት አየሁ። እዚህ ወርደው የማያውቁ ሴቶች፣ ከላይኛው መንደር ሁሉ፣ ልጆቻቸውን አዝለው። ማርታ መሐላቸው ቆማ ወደ ቤቴ ትጠቁማለች።

መድኃኒት ስላልኳት ጠርታቸው ነው። በሽተኛ ልጆቻቸውን ይዘው ነው የመጡት።

ጌታ ሆይ።

በቋንቋቸው እንደምን አደራችሁ፣ ተወደደብኝና ያን ስድብ እችላለሁ። ሌላ ያቺን የሽንት ቤት ቃል። ትበቃለች። ወደ ቤቴ እየጠቆምኩ፣ ማንም እስኪሰማ እጮኻታለሁ። የዛሬን አትስቅም ማርታ። ሽንት ቤቶቹን ቆልፌያለሁ፣ ቁልፉን ለዮናስ እሰጣለሁ። ሠልጣኞቹ ሌላ ቤት ይፈልጉ። አካፋውን ይዤ ነው የምወርደው፣ የጫሩትን ሁሉ ልደፍንበት፣ በፊታቸው። እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ ማርታ ጣሳውን ለልጇ ልትሰጠው ነው—