«አፋልጉኝ» ላለው ሰው የሰጠሁት መልስ

ሰኞ

መለስሁለት። መልሴን ደጋግሜ አነባለሁ። ደስታ ነው መሰለኝ።

ፌስቡክ ላይ የትርንጎን ፎቶ አየሁ። ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ትርንጎ! ከሥሩ «እህቴ ከጠፋች ዓመት አለፋት። እናታችን በጠና ታማ ስሟን እየጠራች ነው። ያያችሁ በፈጣሪ ስም አፋልጉኝ» ይላል። እማ «የተለያየ ያገናኘ ሰው ዱዓው አይመለስም» ትላለች። ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል፣ ስጽፍ ግን እደፍራለሁ። «ደኅና ናት፣ ባሕር ዳር ናት» አልሁት። ወዲያው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ባሕር ዳር የት?» አለ። «ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ ከሚሠራበት አጠገብ» አልሁት። «እህቴ ሐያት፣ አላህ ጀነት ያግባሽ» አለኝ። ስሜን አይቶ ነው።

ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥሁ ወዲህ እንዲህ ያመሰገነኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ

ትርንጎ ከፋብሪካ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት። ወንድምሽን አገኘሁት አልኋት።

ሳቀች። «የምን ወንድም? እኔ እኮ ለእናቴ አንድ ነኝ። እሷም ከሞተች ቆየች።»

ስልኩን ሰጠኋት። ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። ትከሻዋ ላይ አራት ጣቶች አሉ። ባለ ጣቶቹ ከፎቶው ተቆርጦ ወጥቷል። ትናንት እንዴት አላየኋቸውም?

«ባሌ ነው» አለች። ስልኩን እየመለሰችልኝ፣ «ሐዩ፣ ምን ነገርሽው?»

ሁሉንም ነገርኋት። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አንገቷ ሥር ያለውን ጠባሳ አሳየችኝና ገብታ በሩን ቀረቀረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

መልሴን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ እሱ አንብቦታል።

ጠዋት እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ነገ ከእንፍራንዝ እነሳለሁ። እንዳትነግሪያት፣ ድንገት ላስደስታት ነው።» ከሥሩ የእኔን ፎቶ ላከልኝ። ለኢድ የተነሣሁት ነው፤ ከኋላዬ አባ የሠራው ጀልባና ሰማያዊው በራችን ይታያል። እኔ አልላክሁለትም። ገጼ ላይ አግኝቶት ነው። «በሩ ይሄ ነው አይደል?»

ለእማ ለመናገር ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ተመለስሁ። በአራተኛው ነገርኋት።

«አፍ የሌላት ልጅ ወለድሁ ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ ወሬው ሁሉ በጣትሽ ነው!» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ ትርንጎን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መዘገቡላቸው። ሲመጣ ደውሉ ብለዋል።

አባ ትርንጎን፣ «በጠዋት በጀልባ እህቴ ዘንድ አደርስሻለሁ። እዚያ ማንም አይደርስብሽም» አላት።

«ሥራዬስ፣ ጋሼ?»

አባ ጀልባውን ሊያይ ወጣ።

ሐሙስ

አባና ትርንጎ በማለዳ ሄዱ። እማ ጓዳ፣ እኔ በር ላይ የተቀደደ የዓሣ መረብ እየጠቀምሁ ነበር።

ቀትር ላይ ባሏ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ። ክፉ ይመስላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«ሐያት አንቺ ነሽ አይደል? ከፎቶሽ ታምሪያለሽ።»

አፌ ተሳሰረ። «የለችም» አልሁ በመጨረሻ።

«አለች ብለሽኝ?»

«ተሳስቼ ነው። ሌላ ሴት ናት።»

ፈገግ አለ። አንድ እግሩን ከበሩ አሳለፈ።

ጮኽሁ። እኔ! «እማ!» አልሁ፣ ሐይቁ ማዶ የሚሰማ መሰለኝ። ጀልባ ሠሪዎቹ መዶሻቸውን አቆሙ። ከአባ ጋር የሚሠሩት አዛውንቱ አባ ይመር መዶሻቸውን እንደያዙ መጡ።

«አንተ ጎረምሳ፣ የማን እንግዳ ነህ?»

እዚህ ሐይቁ ዳር ይህ የሰላምታ ያህል ነው። መጪ ሁሉ የአንድ ሰው ስም ይጠራል። እሱ የሚጠራው ስም አጣ። «ዘመድ ፍለጋ ነው፣ አባቴ።»

«ዘመድ የሰው በር ረግጦ አይፈለግም። እግርህን አውጣ።»

እማ ስልክ እየደወለች ወጣች። ፖሊስ ሳይደርስ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሲሄድ ግን ስልኩን አውጥቶ በራችንን ፎቶ አነሣው።

ዓርብ

ገጼ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አጠፋሁ። የበሩን፣ የጀልባውን፣ የአክስቴን ልጅ ሰርግ። የእሱ ማስታወቂያ ግን እንዳለ ነው፤ ሰው ይቀባበለዋል። «እባካችሁ አገናኟቸው» ይላሉ። «ወንድሟ አይደለም፣ አትመልሱለት» ብዬ ጻፍሁ። አጠፋው። ደግሜ ጻፍሁ። ዘጋኝ።

ከሰዓት ትርንጎ ዕቃዋን ልትወስድ ከአባ ጋር መጣች። አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ። ከሌላ ከተማ ሥራ ልትፈልግ ነው። አዲስ ሲም አውጥታለች። ጓዳ ውስጥ ለእማ ቁጥሩን ስትነግራት፣ እማም እየደገመች በቃሏ ስትይዘው ሰማሁ። እኔ ስገባ አቆሙ።

«ክፋት እንደሌለብሽ አውቃለሁ፣ ሐዩ» አለችኝ። አቀፈችኝ፤ አጥብቃ ነው ያቀፈችኝ። ቁጥሩን ግን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁ።

አሁን መንገድ ላይ ናት። ደኅና ስትገባ ለእማ ትደውላለች። ስልኩ እማ ጭን ላይ ነው፣ እኔ ከአጠገቧ ተቀምጫለሁ። እስካሁን አልጮኸም።