ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ለውድ እህቴ ለእታለማሁ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ይዞሻል? የደሴ ብርድ በረታ ወይስ ዘንድሮ ራራልሽ? እኔ ድካሙ ቢከብደኝም ቆሜ እሄዳለሁ፣ ተመስገን። እጄ ለብዕር አልታዘዝ ስላለ ፊደሌን ታገሺው።

ባለፈው በስልክ ድምፅህ ሰልሏል ብለሽኝ ነበር። ያኔ አፍሬ የዘለልኩትን አሁን ልንገርሽ። እዚህ ለንደን የምንኖርበት ፎቅ ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ጥቁር ሻጋታ አውጥቷል። ቤቶቹን ለሚያከራየው ቢሮ ብንጮህ የሚሰማን ጠፋ። ነዋሪዎቹ እንግዲያው ራሳችን እናጥናው ብለው ተነሡ። ምሁር አይደሉም፤ አንዱ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ አንዷ ሆስፒታል ታጸዳለች። እየዞሩ የየቤቱን እርጥበት በትንሽ መሣሪያ ይለካሉ፣ ማን እንደሚያስል ይጽፋሉ። የምትመራቸው ከእኔ በላይ የምትኖረው ያገራችን ልጅ ፊርደውስ ናት። የሦስት ዓመት ልጇ ደረቷን ታማ ሁለቴ ሆስፒታል ተኝታለች።

ወደ እኔ ሊመጡ ቀን ሲቆርጡ ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ገበናዬን ሰው አያይም ብዬ ቁም ሳጥኑን ብቻዬን ገፍቼ እርጥቡን ግድግዳ ሸፈንኩት። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አዲስዓለም ብትኖር አብራኝ ትገፋ ነበር እንጂ አትከለክለኝም። ፊርደውስ በደረቁ በኩል ለካችና፣ ጋሽ ዳኛቸው፣ የእርስዎ ቤት እኮ ቤተ መንግሥት ነው ብላ ሣቀች። እኔም ኮራሁ።

ከወር በኋላ ቢሮው መልስ ጻፈላት። ከሥርሽ ያለው ቤት ደረቅ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት ራሳችሁ ናችሁ፤ እንግዲያው ጥፋቱ የግድግዳው ሳይሆን የድስትሽ እንፋሎትና ቤት ውስጥ የምታሰጪው ልብስ ነው አላት። ወረቀቱን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። እኔን መች ጠርጥራ! ቤትዎ የደረቀበትን ዘዴ ያሳዩኝ ብላ ለመነችኝ። ከላይ የልጅቷ ሳል ይሰማል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሑድ በነዋሪዎቹ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። እንግሊዝኛዬ ለዚህ ስለማይበቃ ፊርደውስ ተርጉሚልኝ አልኳት። አሥራ አራት ቁጥር ቤቴ ደረቅ አይደለም፣ ዋሽቼ የደበቅኩት እኔ ነኝ አልኩ። ግማሹን ተርጉማ ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ ጨረሰችው። ይኼኔ ጊዲዮን፣ ያ አውቶቡስ ነጂው፣ እጁን አወጣና እኔስ ብትሉ፣ መለኪያውን ይዤ እየዞርኩ የራሴን ቤት ቀለም ቀብቼዋለሁ አለ። ሁለት ሌሎችም ተከተሉት። አራቱም ቤት እንደገና ይለካ ተባለ። ፊርደውስ አልተቆጣችኝም። ስትወጣ ብቻ፣ ጋሼ፣ ነገ ሳጥኑን ብቻዎን እንዳይገፉ አለችኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ግድግዳው ገጥጦ ይታያል፤ ለክታዋለች፣ ፎቶም አንሥታዋለች። ቢሮው ግን አልመለሰም። ልጅቷም ማሳሏን አልተወችም። እኔም ደክሞኛል፣ እታለማሁ።

ሀዲስን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ቢታንያን ግንባሯን፣ ትንሿን ፀደንያን ሁለት ጉንጯን። ጎረቤትሽን ዐብዱንም አልረሳሁህም ብሎሃል በይው። አንቺም መልስ ስትጽፊ ደህና ነኝ ብለሽ አትሸኚኝ፤ የሚያምሽን ጻፊው።

ወንድምሽ ዳኛቸው
ለንደን፣ ዋይት ሲቲ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.