ሻደይ ላይ የዘገየችው ልጅ

ፊርዱዬ፣

ያ ቀርፋፋ ሰርቨር አንቺን ቢሮ አስቀርቶ እኔን ብቻዬን ሰቆጣ ሰደደኝ። መፍትሔውን ያገኘሁት ግን እዚሁ መሰለኝ፤ እንዳትስቂብኝ።

ዛሬ ሻደይ ነው። ልጃገረዶቹ ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው አደባባዩን ሞልተውታል። ያረፍኩበት ቤት ልጅ ጥሩሐረግ ግጥም ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አንዷ ሣሯ ተፈቶባት ስታስር ዘገየች። ጥሩሐረግ አልጠበቀቻትም፤ ብዙዎቹ እንደተቀበሉ ወደሚቀጥለው ስንኝ አለፈች። የዘገየችውም ከጎኗ ካለችው ሰምታ ወዲያው ደረሰችባቸው። በኋላ «ምነው ሳትጠብቂያት?» ስላት፣ «አንዷን ስጠብቅ ጭፈራው ይቀዘቅዛላ! እሷ እንደሆን ከጓደኞቿ ትሰማለች» አለችኝ።

እኛ ቢሮ ግን አንድ ነገር ሲመዘገብ፣ ያንኑ መረጃ የሚይዙት ሦስቱም ሰርቨሮች፣ ቀርፋፋው ጭምር፣ «ጻፍኩ» እስኪሉ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። አንቺ ግትር፣ በሞቴ፣ ሁለቱ ከጻፉ ደንበኛውን አሰናብቺው! መረጃው ሁለት ቦታ ተቀምጧል፣ አይጠፋም፤ ሦስተኛው ቀስ ብሎ ከእነሱ ይገለብጣል። ስታነቢም ከሦስቱ የትኞቹንም ሁለት ጠይቂና የቅርቡን ውሰጂ፤ ቢያንስ አንዱ አዲሱን ይዟል።

ቦታ አለቀብኝ። ኔትወርክ ስለሌለ ይህን ፖስትካርድ ነገ ወደ ባሕር ዳር ለሚመለሰው ሹፌር እሰጠዋለሁ። እማማን ሳሚልኝ። ሥራውን ጨርሰሽ ነይ፣ በዓሉ ገና ቀናት ይቀሩታል፤ ጥሩሐረግ ላንቺም ሣር ጎንጉና ውኃ ውስጥ አኑራልሻለች። ዘፈኑስ ማንንም አይጠብቅም፤ እኔ ግን ያላንቺ አልጨፍርም ብዬ ዳር ቆሜያለሁ።

ሰላማዊትሽ