አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?

…ካሴት ነክሶ አልለቅ ሲል አንተ በማንኪያ እየጎረጎርከው፣ እኔ ባትሪ ሳበራልህ… ውይ፣ ሰላምታዬን ዘለልኩት! ወንድምዓለም፣ ደህና ነህልኝ? እኛ ደህና ነን።

ያ ካሴት ማጫወቻ አብሮት የተሠራው ቴሌቪዥናችን ተቃጠለ። ልንገዛ ሄደን ባለሱቁ፣ «አዲሱ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ አንድ ላይ ይሁን ወይስ ለየብቻ?» ሲል እማዬ «አንድ ላይ!»፣ አባዬ «ለየብቻ!» አሉ፤ እኩል።

«በሉ ቤት ታረቁና ኑ!» ብሎ ቢቀልድ የሳቀ የለም። ለየብቻ ገዛን።

ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው። ማጫወቻውን አባዬ ያንተ ክፍል አስገባው። «ያለ ቴሌቪዥን ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰዓት ያሳየኛል» አለኝ። ፍራሽህንም ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። ልትመጣ ነው እንዴ?

እማዬ ሰላም ብላሃለች። አባዬም ሰላም ብሎሃል፤ የነገሩኝ ለየብቻ ነው። አንተ ብቻ ሰላም ሁንልኝ።

ይኸው፣ አባዬ ገብቶ ያንተን ክፍል በር ዘጋ።